ቤት ከዳገት፣ ውሃ ከሜዳ፦ በሐረር ዙሪያ የሐይቅ ዳር መሬት አመራረጥና ምንጣሮ ታሪክ

የሶፊ ወረዳ ከኤረርና ከድሬ ጠያራ ጋር የሐረሪ ክልልን የገጠር ክፍል ይዘው ከሚገኙት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ሲሆን፣ ምንም እንኳ የተፈጥሮ ሐይቅ ባይኖረው፣ የመሬት አያያዝ ታሪኩ ከሐረር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ከሚገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ተነጥሎ ሊታይ የሚችል አይደለም። ሁለቱም ቦታዎች ለብዙ ዘመን በአንድ ከተማ ዙሪያ፣ በአንድ ዓይነት የእርሻ ሥርዓት፣ ለአንድ ገበያ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ ቤት የት ይሠራ፣ የትኛው ዛፍ ይቆረጥ፣ የትኛውስ ይተው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በአንድ ዓይነት ልማድ ነበር። ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በለዘበ አየር፣ ከታላቅ የንግድ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት የሚገኝ ሐይቅ ሆኖ ሳለ፣ ዳርቻው እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ የባለጸጎች የማረፊያ ቤቶች ያልተደረደሩበት መሆኑ ለታሪክ አጥኚ ማብራሪያ የሚሻ ነገር ነው። ድህነት ወይም የውበት ስሜት ማጣት ምክንያቱ ነው ማለት አይቻልም፤ በጀጎል፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው የሐረር ከተማ፣ ውስጥ ያሉት ቤቶች በግድግዳ ጌጣቸውና በመደብ አሠራራቸው የሚመሰክሩት ተቃራኒውን ነውና። ምክንያቱ መፈለግ ያለበት በከተማዋ አጥር፣ በአትክልቱ ሥርዓትና በሐይቁ በራሱ ጠባይ ውስጥ ነው።

ጀጎል እየተባለ የሚጠራው የሐረር ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ 50 ሄክታር የማይሞላውን መሬት ከቦ በአምስት በሮች ብቻ ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘው ነበር። በሮቹ ጀምበር ስትጠልቅ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ የከተማው ሰው ከግንቡ ውጭ ንብረት ቢኖረውም ማደሪያው ከግንቡ ውስጥ ነው። ይህ ነገር የሐረሪዎችን የአገር ቤት አኗኗር ከሌሎች አገሮች የከተማ ሰዎች ልማድ ለየት ያለ መልክ ሰጥቶታል። የከተማው ቤተሰብ በከተማዋ ዙሪያ፣ በሶፊም ሆነ በሌሎቹ ተዳፋቶች ላይ፣ ቡና፣ ጫት፣ ሙዝ፣ ሎሚና ሌሎች ፍሬዎች የሚበቅሉበት የአትክልት ቦታ ይዞ፣ ቀን ወርዶ ሲኮተኩት፣ ሲለቅምና ሲያስለቅም ውሎ፣ ማታ ወደ ግንቡ ይመለሳል። በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ስለ እነዚህ አትክልቶችና ስለ ቡናው ጽፏል። በአትክልቱ ውስጥ የሚሠራው ነገር ቢበዛ ለጥላና ለጥበቃ የሚሆን ዳስ እንጂ ቤት አይደለም፤ ሰው ለሁለተኛ ቤት የሚያወጣውን ገንዘብና ጉልበት ሐረሪዎች ያወጡት በቡና ተክልና በውሃ ቦይ ላይ ነው። የሐረር የእረፍት ሥፍራ አትክልቱ ነበር ቢባል የተጋነነ አይሆንም፤ የዋለበት ሰው ግን አያድርበትም።

ከአትክልቶቹ ቀለበት ባሻገር ያለው አገር፣ ሐረማያንም ጨምሮ፣ አፍራን ቀሎ በሚል የወል ስም የሚታወቁት የኦሮሞ ጎሳዎች አገር ነበር። እነዚህ ሕዝቦች ከከብት አርቢነት ወደ እርሻ እየዞሩ የሄዱት ቀስ በቀስ ሲሆን፣ የአሚሮቹ ቤተ መንግሥት በጋብቻ፣ በሹመትና በስጦታ ያበረታታውን ይህንኑ ለውጥ በ1868 ዓ.ም. ከተማዋን የያዙትና እስከ 1877 ዓ.ም. የቆዩት ግብፃውያን በግብርም በኃይልም አፋጥነውታል። እርሻ ከሰፈነ በኋላ በሐረር ደጋ የተስፋፋው የአሰፋፈር ሥርዓት ሦስት እርከን ነበረው ማለት ይቻላል። መኖሪያው በኮረብታው ትከሻ ወይም በዳገቱ ወገብ ላይ፣ ድንጋያማና ለእርሻ እምብዛም በማይመች መሬት ላይ ይሠራል፤ ከሱ ዝቅ ብሎ በድንጋይ እርከን የተያዘው የማሽላ፣ የቡናና የጫት ማሳ ይከተላል፤ ከሁሉም በታች ያለው ውሃ ገብ ሜዳና የሐይቁ ዳርቻ የከብት መጠጫ፣ የበጋ ግጦሽና ውሃ መቅጃ ሆኖ ለጋራ ይተዋል። ለም መሬትን ለቤት መሠረት ማዋል በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንደ ብክነት የሚቆጠር ሲሆን፣ የሐይቅ ዳር መሬት ደግሞ ከሁሉ የለማው ነው።

ለዚህ ምርጫ የሐይቁም ጠባይ ድርሻ ነበረው። ሐረማያ፣ እንዲሁም በአካባቢው ያሉት እንደ አዴሌ ያሉ ሐይቆች፣ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ጥልቅ ውሃዎች አይደሉም፤ ጥልቀታቸው በጥቂት ሜትሮች የሚቆጠርና ከዙሪያቸው ተዳፋት በሚወርድ ጎርፍ የሚመገቡ የሜዳ ሐይቆች ናቸው። እንዲህ ያለ ሐይቅ በክረምት አንድ ሜትር ከፍ ሲል በለጥ ያለው ሜዳ ላይ ብዙ ርቀት ይሄዳል፤ በበጋ አንድ ሜትር ሲወርድም ያንኑ ያህል ይሸሻል። ዳርቻው ቋሚ ባልሆነበት ቦታ “የውሃ ዳር ቤት” የሚባለው ነገር በአንዱ ዓመት ውሃ የገባበት፣ በሌላው ዓመት ከውሃው የራቀና በጭቃ የተከበበ ቤት ከመሆን አያልፍም። የአካባቢው ገበሬ ይህን የሚያውቀው በመለኪያ ሳይሆን በትውልድ ትዝታ ነበር፤ ቤቱን ለመሥራት ቦታ ሲመርጥም የሚመለከተው ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ውርጭ በየትኛው ጎድጓዳ እንደሚተኛ፣ ነፋስ ከወዴት እንደሚመጣና ከደጃፉ ሆኖ ማሳውን መጠበቅ መቻል አለመቻሉን ነው። የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ጫት እየተስፋፋ ከሄደ ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል፤ ጫት በአንድ ሌሊት ተለቅሞ ሊወሰድ የሚችል ሀብት ነውና።

የምንጣሮው ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ የሚገባው ነው። ምንጣሮ ማለት በደን ወይም በቁጥቋጦ የተሸፈነን መሬት ቆርጦ፣ አቃጥሎና ጉቶ ነቅሎ ለእርሻ ወይም ለቤት ማዘጋጀት ነው። የሐረርጌ ደጋ በቀድሞው ዘመን ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ዋርካ የበዛበት አገር የነበረ ሲሆን፣ የጽድና የወይራ ርዝራዦች በቤተ ክርስቲያንና በመቃብር ዙሪያ፣ እንዲሁም ለማረሻ በማይመቹ ገደሎች ላይ ዛሬም ይታያሉ። ይሁን እንጂ የምሥራቁ ገበሬ ምንጣሮ ዛፍን ሁሉ የሚያጠፋ አልነበረም። በበሬ ከሚያርሰው የሰሜኑ ገበሬ በተለየ እሱ በአብዛኛው የሚሠራው በዶማና ዶንጎራ በሚባለው፣ ጫፉ ብረት በሆነ የመቆፈሪያ እንጨት ስለነበር፣ ማሳው መካከል የቆመ ዛፍ እንቅፋት አይሆንበትም። ከሁሉ በላይ ይተው የነበረው በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው የግራር ዓይነት ነው። ይህ ዛፍ ከሌሎቹ በተለየ በክረምት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ለሰብሉ ብርሃን አይከለክልም፤ በበጋ ሲለመልም ደግሞ ለከብት ጥላና መኖ ይሆናል፤ ሥሩም አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሐረርጌ ደጋ የተደረገ ጥናት ከዚህ ዛፍ ሥር የሚዘራው ማሽላና በቆሎ ከዛፉ ውጭ ካለው ከግማሽ በላይ ብልጫ ያለው ምርት እንደሚሰጥ ያረጋገጠ ሲሆን፣ ገበሬዎቹ ግን ውጤቱን ቀድመው በተግባር ሲያውሉት ኖረዋል። ዋንዛም እንዲሁ ለጣውላው፣ ለበርና ለሞፈር ሲባል ይተው ነበር። መንጣሪው መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት የሚተዉትን ዛፎች ይመርጣል፤ ቁጥቋጦውንና እሾሁን በገጀራ ያነሣል፤ ትልልቁን ግንድ ለምሰሶና ለወጋግራ ይለያል፤ ቀሪውን አቃጥሎ አመዱን በማሳው ይበትናል፤ ከመሬቱ የወጣው ድንጋይ ደግሞ በዳገቱ ላይ ተደርድሮ አፈሩን የሚይዝ እርከን ይሆናል። ምንጣሮና እርከን ሥራ በአንድ ጊዜ የሚካሄዱ መሆናቸው የዚህ አገር ልማድ ዋነኛ ብልሃት ነበር፤ አንዱ ብቻ ሲቀር ሌላው ጥፋት ይሆናልና።

በዚህ ሥርዓት ላይ ከባዱ ጫና የመጣው ከከተማው ነው። የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ቢሆንም ጣራው ጥቅጥቅ ብለው በተደረደሩ ግንዶች ላይ የሚያርፍ የአፈር ጣራ በመሆኑ፣ ቀጥ ያለና ምስጥ የማይበላው እንጨት በብዛት ይፈልጋል። ግንዶቹ አንድ ጊዜ ከተጫኑ ለትውልድ የሚዘልቁ ስለሆኑ የቤት ሥራው ብቻውን ደኑን ይጨርሰው ነበር ማለት ያስቸግራል፤ የማገዶው ነገር ግን ዕለታዊ ነው። በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው ወደ ጀጎል በሮች የሚመጡት የኦሮሞ ሴቶች በሐረር የገበያ ሕይወት ውስጥ ከማይጠፉት ገጽታዎች አንዱ ሆነው የቆዩ ሲሆን፣ በከተማዋ አቅራቢያ ያሉት እንደ ሐኪም ተራራ ያሉ ከፍታዎች ተራቁተው እንጨቱ ከርቀት መምጣት የጀመረው በዚሁ ፍላጎት ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ ከገባ በኋላ ወደ ሐረርም ደርሶ ክፍተቱን በከፊል ሞልቶታል፤ ነገር ግን ለግንባታና ለማገዶ የሚሆን እንጨት መስጠቱ የአገር በቀሉን ዛፍ አፈር የመያዝ አገልግሎት አልተካም።

በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባና ራስ መኮንን አስተዳዳሪ ሆነው ሲሾሙ፣ መሬትን የመምረጥ ሥልጣን አዲስ ባለቤት አገኘ። ከሰሜንና ከሸዋ የመጣው ሠራዊት በደመወዝ ፋንታ ገባርና መሬት እየተሰጠው የሰፈረ ሲሆን፣ ገባር የሚባለው በመሬቱ ላይ እየኖረ ግብርና አገልግሎት ለባለ መሬቱ የሚያቀርበው ገበሬ ነው። መሬቱም ቀላድ በሚባል የመለኪያ ገመድ እየተለካ በጋሻ ተከፋፈለ፤ አንድ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ይሆናል። የቀላድ ለኪው ዓይን ከገበሬው ዓይን የተለየ ነው፤ ገበሬው ዳገትን፣ እርከንንና ውሃ ገብ ሜዳን ለየብቻ ሲያይ፣ ለኪው ሁሉንም በአንድ ገመድ ያጠቃልላል፤ የጋራ የነበረው ግጦሽና ዳርቻም በዚህ መንገድ የአንድ ሰው ድርሻ የመሆን ዕድል አገኘ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የመሬት ግብር ሕግ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ ግብር የጣለ ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ይዞ 15 ዓመት በተከታታይ በስሙ ግብር የከፈለ ሰው ባለቤት እንዲሆን ፈቀደ። በተግባር ይዞታን ከሚያሳዩ ምልክቶች ዋነኛው ምንጣሮ ስለነበር፣ ያልተመነጠረ ደን የማንም እንዳልሆነ፣ የተመነጠረው ደግሞ የመንጣሪው እንደሆነ የሚቆጠርበት አመለካከት በሕግ ጥላ ሥር ተደላደለ። የደን ጥበቃን የሚመለከቱት ሦስት አዋጆች እ.ኤ.አ. በ1965 ሲወጡ የሐረር ዙሪያ ደጋ ደን አብዛኛው ቀድሞ አልቆ ነበር፤ አዋጅ የወጣለት ነገር በሌለበት አገር አዋጁ ብዙ ሊሠራ አይችልም።

ሐይቁን ለሥራ ሳይሆን ለማረፊያ የመፈለጉ ነገር በታሪክ የሚታየው ከሥልጣን ጋር ተያይዞ ነው። ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርጌን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን፣ የኋላው ንጉሠ ነገሥት፣ በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ የተሳፈሩባት ጀልባ ሰጥማ ከሞት ለጥቂት የተረፉ ሲሆን፣ መምህራቸው አባ ሳሙኤል በዚያው አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። አደጋው በንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ የተሰጠው በመሆኑ ይታወቃል፤ ለመሬት ታሪክ ግን ሌላ ፍሬ ነገር ይዟል፤ ይኸውም የአካባቢው ሰው ለከብትና ለእንስራ ይወርድበት በነበረው ውሃ ላይ የመኳንንት ጀልባ መታየት መጀመሩን ነው። ያም ሆኖ የኢትዮጵያ ነገሥታት ውሃን ማየት እንጂ ውሃ ዳር ማደርን እምብዛም አልመረጡም። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የጉዛራ ግንብ የቆመው ከጣና ዳር ሳይሆን በእንፍራዝ አጠገብ ሐይቁን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን በባሕር ዳር የተሠራው የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥትም ቤዛዊት በሚባለው ከፍታ ላይ ሆኖ ዓባይን ይመለከታል። በቢሾፍቱ የተሠራው የንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያም ከሐይቁ በላይ ከአፋፉ ላይ ነው። ወባን፣ ርጥበትንና ድንገተኛ ጥቃትን የፈራ ጥንታዊ ጥንቃቄና የሐረርጌው ገበሬ የጎርፍ ጥንቃቄ በተለያየ መንገድ ተጉዘው አንድ ቦታ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።

በአንጻሩ ዳርቻውን በደን ሸፍኖ ማቆየት የቻለው የጣናው ዘጌ ነው። በባሕረ ገብ መሬቱ ትውፊት መሠረት የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በሬ ጠምዶ ማረስንና ከብት ማርባትን በመከልከላቸው፣ ነዋሪው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እየተከለ ኖሯል። ዘጌ ላይ ቤት ያለው በደኑ ውስጥ ነው፤ ደኑ ግን ለቤት ሲባል አልተመነጠረም። ሐረማያን ከዘጌ የለየው የሰዎች ጠባይ ሳይሆን፣ በአንዱ ቦታ ክልከላውን የሚያስጠብቅ ገዳም መኖሩና በሌላው የጋራ ዳርቻ የሚጠብቅ አካል ከቀላድ በኋላ አለመኖሩ ነው።

በሐረማያ ዳርቻ አካባቢ በስፋት መሬት ተመርጦ ዘመናዊ መኖሪያ የተሠራው ለግል ማረፊያ ሳይሆን ለትምህርት ነው። ከአሜሪካ የኦክላሆማ የግብርናና የመካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት የንጉሠ ነገሥት መንግሥቱ የግብርናና የመካኒካል ጥበባት ኮሌጅ ትምህርቱን በጅማ በጊዜያዊ ሥፍራ ጀምሮ፣ በ1949 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐረማያ ተዛወረ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በይፋ መረቁት። የስምምነቱ ጠንሳሽ የነበሩት የኦክላሆማው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ይህን ለማየት አልታደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1951 መጨረሻ በኢራን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞተዋል። ለኮሌጁ የተመረጠው ቦታ ሰፊ ሜዳ፣ ሐይቅ፣ ወደ ሐረር የሚወስድ መንገድና ድሬዳዋ ላይ የባቡር ጣቢያ በአቅራቢያው ያሉት ነበር። የመምህራኑ ቤቶች፣ የከብት እርባታው፣ የሙከራ ማሳዎቹና በመስመር የተተከሉት ዛፎች በአንድ ዕቅድ ሲደራጁ፣ በአካባቢው ለመጀመሪያ ጊዜ መኖሪያና ውሃ ገብ ሜዳ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኮሌጁ በ1977 ዓ.ም. የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም ይጠራል። ተቋሙን ለሐይቁ መጉደል ተጠያቂ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም፤ እንዲያውም ስለ ሐይቁና ስለ ተዳፋቶቹ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር በጥናት የተሰበሰበው በእሱ ነው። ነገር ግን የተቋሙ መመሥረት ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ከሐይቁ በቧንቧ መሳብ ከተጀመረበት ጊዜ ጋር አብሮ ሲታይ፣ ሐይቁ ከመንደር ውሃነት ወደ ከተማና ተቋም ውሃነት የተሸጋገረበትን ዘመን ያመለክታል።

እንደ ቢሾፍቱና ላንጋኖ ባሉት ሐይቆች ዳር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ለአዲስ አበባ ባለጸጎች የቅዳሜና የእሑድ ማረፊያ ቤት መሥራት ፋሽን እየሆነ ሲመጣ፣ ሐረማያ ከዚህ ብዙም አልተቋደሰችም። ጅምሩም ቢሆን በ1967 ዓ.ም. ተቆርጧል። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬትም እንዳይሸጥና እንዳይከራይ ሲከለክል፣ በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወርሶ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ፣ ከ500 ካሬ ሜትር በማይበልጥ ቦታ ላይ እንዲኖረው ወሰነ። ሁለተኛ ቤት የሚለው ሐሳብ በሕግ ቀረ። በሐረርና በሶፊ ግን የሁለቱ አዋጆች ትርጉም ከማረፊያ ቤት እጅግ የሰፋ ነበር፤ ሐረሪዎች በጭሰኛ ያሠሩት የነበረውን የአትክልት መሬት አጡ፤ መሬቱን ሲያርሱ የኖሩት የኦሮሞ ገበሬዎች ባለ ይዞታ ሆኑ፤ ብዙ የከተማው ቤተሰቦችም ኑሯቸውን ወደ ንግድ፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር አዞሩ። ለአራሹ የተገኘው ፍትሕ የማይካድ ነው፤ ከግንቡ ወርዶ በአትክልት ውሎ ማታ የመመለሱ የከተሜ ልማድ መሠረቱን ያጣውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ቀስ ያለና ከአዋጅ የበለጠ ኃይል የነበረው ነው። በሐረርና በሐረማያ መካከል የምትገኘው አወዳይ የአገሪቱ ትልቁ የጫት ገበያ ስትሆንና ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ የሚሄደው ጫትና አትክልት ዋጋው ሲጨምር፣ ገበሬው ማሽላውን እየቀነሰ ጫት፣ ድንችና ሽንኩርት በመስኖ ማልማት ጀመረ። የውሃ ፓምፕ ሞተር በየማሳው ሲተከል ለጋራ ይተው የነበረው ሜዳ ተፈላጊ ማሳ ሆነ፤ ውሃው በሸሸ ቁጥር እርሻው ተከተለው። የቤተሰብ ቁጥር ጨምሮ ማሳው ሲሸነሸን ደግሞ ዳገቱ እየተመነጠረ፣ ገርቢውና ዋንዛው ለገንዘብ እየተቆረጠ፣ በጎርፍ የታጠበው አፈር ጥልቀት ያልነበረውን ሐይቅ ይሞላው ጀመር። የከተማው ቧንቧ ከአንድ ወገን፣ የገበሬው ፓምፕ ከሌላ ወገን፣ ደለሉ ከላይ ሲረባረቡበት በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ሐይቁ ደርቆ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ይህን ጥፋት የገበሬው ስግብግብነት ያመጣው አድርጎ የሚያቀርብ አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ሚዛናዊ ፍርድ ግን አይደለም። ዳርቻውን ለጋራ የሚያስቀረው ሥርዓት በቀላድ ተለክቶ፣ በአዋጅ ተወርሶና በገበያ ተሽጦ ካለቀ በኋላ ከመጨረሻው ተጠቃሚ ብቻ ራስን መግዛት መጠበቅ ታሪኩን ከጅራቱ ማንበብ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዙሪያው ተዳፋት በተሠራው የአፈርና የውሃ ጥበቃና በጥሩ ክረምቶች እገዛ ውሃው በከፊል መመለሱ፣ ችግሩ ከሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ከዳገቱ እንደሚጀምር የሚያሳይ ነው።

ዛሬ መሬት በሕገ መንግሥቱ መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ ለማረፊያ ቤት የሚውል ቦታም የሚገኘው በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሚከፈል የመጠቀም መብት ነው። በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ሪዞርቶች በዚህ መንገድ ተስፋፍተዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለተቆጣጣሪው አካል የውሃ አካላትን ዳርቻ ወሰን የመከለል፣ በተከለለውም ዳርቻ ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን የመከልከል ሥልጣን ሰጥቶታል። የአዋጁ ሐሳብ በሐረርጌ ደጋ አዲስ አይደለም፤ የአካባቢው ገበሬ ያለ ጽሑፍ ሲሠራበት የኖረውን ሥርዓት በሕግ ቋንቋ ያስቀመጠ ነው። ለሐረማያ ግን የዘገየ ነበር፤ አዋጁ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐይቁ ደረቀ፤ በሐይቁ አጠገብ የነበረው የውሃ ማጣሪያም የሚያጣራው ውሃ አጣ። የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው የሚመጣው በድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ዳገቱን በፓምፕ እየተገፋ በሚወጣ ረጅም የቧንቧ መስመር ነው።